የሴቶች ሩጫ ወሰንና የፍርድ ሚዛን

በአዲስ አበባ ከተማ በስተ ደቡብ፣ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ጎሕ ሳይቀድ ከቤቱ የወጣ መንገደኛ በላፍቶና በለቡ፣ በጀሞና በሳሪስ መንገዶች ዳር ወጣቶች ለልምምድ ሲሮጡ ያያል። ወንዱም ሴቷም በአንድነት ይነሣሉ፤ አንድ ብርድ ይመታቸዋል፤ አንድ ዳገት ይወጣሉ። የውድድር ቀን በደረሰ ጊዜ ግን በሁለት ይከፈላሉ፤ የወንዶቹ ሩጫ ለብቻው፣ የሴቶቹም ለብቻው ይሆናል። ይህን መለያየት ከልጅነታችን ጀምሮ ስላየነው እንደ ተፈጥሮ ሕግ አድርገን ተቀብለነዋል። ነገር ግን ወሰኑን ያሰመረው ሰው ነው፤ ስለዚህም ታሪክ አለው፤ በታሪኩም ውስጥ ክብር ያገኙበት እንዳሉ ሁሉ ክብራቸውን ያጡበትም አሉ። ለመሆኑ ወሰኑ ስለ ምን ተሰመረ? በምንስ ይለካል? ለኪው በተሳሳተ ጊዜስ ለተበደለችው ማን ይፈርድላታል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የዓለም የስፖርት መዝገብ የሚያዘው በዚያ ነውና።

ከነፋስ ስልክ ብዙ በማይርቀው በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር ሁለት ታላላቅ ሯጮቻችን፣ አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ፣ ዐርፈው ይገኛሉ። አበበ በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ የማራቶንን ሩጫ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ፈጽሞ ዓለምን አስደነቀ። ከ59 ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ ትዕግሥት አሰፋ በበርሊን ያንኑ ርቀት በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ጨረሰች። የአገራችን ሴት ልጅ የአበበን ሰዓት በ18 ሴኮንድ ቀደመችው ማለት ነው። ይህን የሰማ ሰው፣ «እንግዲያስ ሴቷ ከወንዱ ጋር ብትሰለፍ ምን አለበት?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ነገር ግን ጫማውም፣ መንገዱም፣ የልምምዱም ጥበብ ተለውጦአልና እንዲህ ያለው ንጽጽር የዘመንን ልዩነት ይለካል እንጂ የወንድንና የሴትን ልዩነት አይለካም። ይህን ለማወቅ በአንድ ዘመንና በአንድ መንገድ የሮጡትን ማስተያየት ይገባል። በዚያው በበርሊን ጎዳና አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የኬንያው ኤልዩድ ኪፕቾጌ በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ9 ሴኮንድ ጨርሶ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 10 ደቂቃ ከ44 ሴኮንድ፣ ይኸውም ከመቶ 9 ያህል ነው።

ይህ ልዩነት በማራቶን ብቻ የተወሰነ አይደለም። በዓለም ደረጃ በሚሮጡት መካከል በአጭርም ሆነ በረጅም ርቀት ወንዶች ሴቶችን የሚበልጡት በአብዛኛው ከመቶ ከ9 እስከ 12 በሚሆን ነው። ከጉርምስና በፊት ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ከጉርምስና በኋላ ግን ይሰፋል። ምክንያቱንም ሊቃውንት ቴስቶስትሮን በሚባለው ሆርሞን ያስረዳሉ። ጤናማ ወንድ በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ ከ7.7 እስከ 29.4 ናኖሞል ሲኖረው፣ የአብዛኞቹ ሴቶች መጠን ከ2 በታች ነው። ይህ ሆርሞን በጉርምስና ጊዜ ጡንቻን ያፈረጥማል፤ አጥንትን ያረዝማል፤ አየር ተሸካሚውን የደም ክፍል ሄሞግሎቢንን ያበዛል። ስለዚህ የሴቶች ውድድር ለሴቶች የተሰጠ ምጽዋት አይደለም፤ ወሰኑ ባይኖር ኖሮ የብርቱ ሴት ድካም በመዝገብ ላይ ሳይታይ በቀረ ነበር።

ለሴቶች የተከፈተውም በር በአንድ ቀን አልተከፈተም። በ1928 በአምስተርዳም ሴቶች 800 ሜትር ሮጠው ነበር፤ ነገር ግን ድካማቸውን ያዩ ሹማምንት ርቀቱ ለሴት አካል አይገባም ብለው ከኦሊምፒክ አስወጡት፤ የተመለሰውም በ1960 በሮም ነው። የሴቶች ማራቶን ወደ ኦሊምፒክ የገባው በ1984፣ 10,000 ሜትር ደግሞ በ1988 ነው። እንግዲህ ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸንፋ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች ሁሉ የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት በሆነች ጊዜ፣ ያ ውድድር በኦሊምፒክ ሲካሄድ ገና ሁለተኛው ነበር። በሩ ከአራት ዓመት በፊት ባይከፈት ኖሮ የደራርቱ ስም እንዲያ ባልተጠራ ነበር። ፋጡማ ሮባም በ1996 በአትላንታ ማራቶንን ያሸነፈችው በዚሁ በር ገብታ ነው።

በር ከተከፈተ ዘንድ በረኛ መቆሙ አይቀርም። በ1936 በበርሊን አሜሪካዊቷ ሔለን ስቲቨንስ 100 ሜትር ባሸነፈች ጊዜ፣ ፍጥነቷ የሴት አይደለም የሚል ሐሜት ተነሣባት፤ ሴትነቷም ተመርምሮ እንደ ተረጋገጠ ተነገረ። በ1966 በቡዳፔስት በተደረገው የአውሮፓ ውድድር ደግሞ ሴቶች ሯጮች ሁሉ ልብሳቸውን አውልቀው በሐኪሞች ፊት እንዲያልፉ ታዘዙ። ይህ አሠራር አሳፋሪ መሆኑ በታወቀ ጊዜ በዓይን መመርመር ቀርቶ የክሮሞሶም ምርመራ ተተካ። ይኸውም ሴት ሁለት ኤክስ፣ ወንድ ኤክስና ዋይ የሚባሉ ክሮሞሶሞች አሉት በሚለው ትምህርት ላይ የቆመ ነው። የፖላንዷ ኤቫ ክዎቡኮቭስካ፣ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በዱላ ቅብብል ወርቅ ያገኘችው፣ በ1966 በዓይን የተደረገውን ምርመራ አልፋ ሳለ በ1967 በኪየቭ የክሮሞሶሙን ምርመራ ሳታልፍ ቀረች፤ ከውድድርም ታገደች፤ ክብረ ወሰኖቿም ተፋቁ። በአንድ ዓመት ውስጥ የተለወጠው መለኪያው እንጂ ሴቲቱ አይደለችም።

ማሞ ወልዴ በ1968 በሜክሲኮ ማራቶንን ያሸነፈበት ኦሊምፒክ ይህ የክሮሞሶም ምርመራ በበጋው ጨዋታ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ የዋለበት ነበር። በዚያን ጊዜ በቡድናችን ውስጥ ሴት ስላልነበረች ጉዳዩ እኛን አልነካንም። ሌሎችን ግን ነክቶአል። የስፔይኗ መሰናክል ዘላይ ማሪያ ሆሴ ማርቲኔስ ፓቲኞ በ1985 በጃፓን በኮቤ ከተማ ተመርምራ ዋይ ክሮሞሶም ተገኘባት። አካሏ ግን ቴስቶስትሮንን ከቶ የማይቀበል ነበር፤ ስለዚህ ከሆርሞኑ ያገኘችው ብልጫ አልነበረም። ነገሩ በጋዜጣ ወጣ፤ ስሟ ተነሣ፤ ማዕረጓ ተገፈፈ። ተከራክራ በ1988 ተፈቀደላት፤ ነገር ግን የሯጭ ዘመን አጭር ነውና ያለፈው ጊዜ አልተመለሰላትም። በ1996 በአትላንታ 3,387 ሴቶች ተመርምረው በ8ቱ ላይ የዋይ ክሮሞሶም ምልክት ተገኘ፤ ሆኖም ስምንቱም እንዲወዳደሩ ተፈቀደላቸው። የኦሊምፒክ ኮሚቴውም በ1999 ሁሉን ሴት መመርመሩን ተወው። ሠላሳ ዓመት የቆየው ጥበቃ በዚህ ተፈጸመ።

ጥያቄው ግን አልሞተም፤ ወደ አፍሪካ ተሻገረ እንጂ። በ2009 በበርሊን የዓለም ሻምፒዮና የደቡብ አፍሪካዋ ካስተር ሴመንያ በ18 ዓመቷ 800 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ55.45 ሴኮንድ አሸነፈች። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ሴትነቷ እየተመረመረ መሆኑን ለዓለም ስላሳወቀ፣ የአንዲት ወጣት የአካል ምሥጢር የአደባባይ ወሬ ሆነ። ሴመንያ ሴት ተብላ የተወለደች፣ በሴትነትም ያደገች ናት፤ ነገር ግን አካሏ በተፈጥሮ ከሌሎች ሴቶች የበለጠ ቴስቶስትሮን ያመነጫል። ከዚህ በኋላ በረኛው ክሮሞሶም መሆኑ ቀርቶ ሆርሞን ሆነ፤ በ2011 የወጣው ደንብ ወሰኑን በሊትር 10 ናኖሞል አደረገው። የሕንዷ ዱቲ ቻንድ በሎዛን ለሚገኘው የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት አቤት ብትል፣ ፍርድ ቤቱ በ2015 የብልጫው መጠን በማስረጃ አልተረጋገጠም ብሎ ደንቡን አገደው።

እዚህ ላይ የሳይንሱን ነገር በጥንቃቄ መመልከት ይገባል። ማኅበሩ ማስረጃ እንዲያቀርብ በተጠየቀ ጊዜ የራሱ ሊቃውንት ከ2011ና ከ2013 የዓለም ሻምፒዮናዎች የተሰበሰበ ጽሑፍ በ2017 አወጡ። ጽሑፉ ብዙ ቴስቶስትሮን ያላቸው ሴቶች በአንዳንድ ርቀቶች እንደሚበልጡ ይናገር ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች ሒሳቡን በመረመሩት ጊዜ ስሕተት አገኙበት፤ በ2021ም ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ውጤቱ መንስኤን የሚያረጋግጥ ሳይሆን የመጀመሪያ ፍለጋ ብቻ መሆኑን የሚገልጽ ማረሚያ አወጡ። ይሁን እንጂ ሆርሞኑ ኀይል አይሰጥም ማለት አይደለም። በስዊድን 48 ጤናማ ወጣት ሴቶች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ለ10 ሳምንት ቴስቶስትሮን ያለበት ቅባት ቢቀቡ፣ እስኪደክማቸው የሚሮጡበት ጊዜ ከመቶ 8.5 ጨመረ። እንግዲህ ብልጫው እውነት ነው፤ በእያንዳንዷ ሴት ላይ ምን ያህል እንደሚሆን መወሰኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በ2016 በሪዮ በ800 ሜትር ሴመንያ አንደኛ፣ የቡሩንዲዋ ፍራንሲን ንዮንሳባ ሁለተኛ፣ የኬንያዋ ማርጋሬት ዋምቡዪ ሦስተኛ ወጡ። በ2018 ማኅበሩ ከ400 ሜትር እስከ አንድ ማይል ባለው ርቀት ወሰኑን ወደ 5 ናኖሞል አወረደው፤ ሦስቱም ሆርሞናቸውን በመድኃኒት ካልቀነሱ በቀር በዚያ ርቀት መሮጥ አልቻሉም። ሴመንያ ተከራከረች። የሎዛኑ ፍርድ ቤት በ2019 ደንቡ አድልዎ ያለበት መሆኑን አምኖ፣ የሴቶችን ውድድር ለመጠበቅ ግን አስፈላጊና ተመጣጣኝ ነው ሲል በ2 ለ1 ድምፅ ፈረደባት።

ጉዳዩ ወደ እኛ ደጃፍ የቀረበው ከዚህ በኋላ ነው። ንዮንሳባ ርቀቷን አስረዝማ እኛ ርስታችን ነው ወደምንለው ረጅም ርቀት ገባች። በ2021 በዛግሬብ 2,000 ሜትርን በ5 ደቂቃ ከ21.56 ሴኮንድ ሮጣ፣ ገንዘቤ ዲባባ በ2017 በቤት ውስጥ ውድድር ያስመዘገበችውን 5 ደቂቃ ከ23.75 ሴኮንድ አሻሻለችው። በዚያን ጊዜ ረጅሙ ርቀት በደንቡ አልተከለከለምና ንዮንሳባ ሕግ አላፈረሰችም። ነገር ግን በመጋቢት 2023 ደንቡ ለሁሉም ርቀት ተዘርግቶ ወሰኑ 2.5 ናኖሞል፣ ጊዜውም 24 ወር በሆነ ጊዜ ያም በር ጠበበባት። በ2024 በፓሪስ ጽጌ ዱጉማ በ800 ሜትር የብር ሜዳልያ ለአገራችን አመጣች። ይህን ስንጽፍ ሜዳልያው በደንቡ ተገኘ ማለታችን አይደለም፤ የወሰኑ መጥበብና መስፋት የእኛንም ልጆች ዕድል የሚነካ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ከዚህ ጉዳይ ጋር ብዙ ጊዜ የሚደባለቅ፣ ነገር ግን ከእርሱ የተለየ ሌላ ክርክር አለ። ይኸውም ሲወለዱ ወንድ ተብለው ተመዝግበው በኋላ ራሳቸውን ሴት አድርገው የሚኖሩ፣ የዘመኑ አነጋገር ትራንስጀንደር የሚላቸው ሰዎች በሴቶች ውድድር ይግቡ ወይስ አይግቡ የሚለው ነው። ሴመንያና ንዮንሳባ ከእነዚህ ወገን አይደሉም። ይህኛው ክርክር በአሜሪካ ቴኒስ ተጫዋቿ ረኔ ሪቻርድስ በ1977 በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ተከራክራ የመወዳደር መብት ባገኘች ጊዜ ታወቀ። የኦሊምፒክ ኮሚቴው በ2004 ቀዶ ጥገናና ሁለት ዓመት የሆርሞን ሕክምና ላደረጉት ፈቀደ፤ በ2015 የቀዶ ጥገናውን ግዴታ አነሣ። የኒው ዚላንዷ ሎረል ሃባርድ በ2021 በቶኪዮ በክብደት ማንሣት በግልጽ በዚህ ማንነት የተሰለፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ ሦስቱንም ሙከራ ግን ሳይሳካላት ወጣች።

ማስረጃው ምን ይላል? ቴስቶስትሮን በመድኃኒት ሲቀንስ ሄሞግሎቢን በአራት ወር ውስጥ ወደ ሴቶች መጠን ይወርዳል። የጡንቻ ብዛትና ብርታት ግን ከአንድ ዓመት በኋላም የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው፤ በጉርምስና የረዘመ አጥንትም አያጥርም። በአሜሪካ አየር ኀይል ባልደረቦች ላይ የተደረገ ጥናት በ2020 እንደ ገለጠው፣ ከሁለት ዓመት ሕክምና በኋላ በእጅ በመግፋትና ከወገብ በመነሣት የነበረው ብልጫ ጠፍቶአል፤ በሩጫ የነበረው ግን ከመቶ 12 ያህል ቀርቶአል። እነዚህ ወታደሮች እንጂ የዓለም ሯጮች አይደሉም፤ በታላላቅ አትሌቶች ላይ የተደረገው ምርምር እጅግ ጥቂት ነው። አንዱ ወገን፣ «ማስረጃው እስኪሟላ አትከልክሉ» ይላል፤ ሌላው፣ «ማስረጃው እስኪሟላ የሴቶችን ውድድር ጠብቁ» ይላል። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በ2023 ሁለተኛውን መርጦ፣ የወንድ ጉርምስናን ያለፉትን ከሴቶች ውድድር አገለለ።

ከመስከረም 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ በዓለም ሻምፒዮና የምትሰለፍ ሴት ሁሉ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ኤስ አር ዋይ የሚባለውን ጂን ትመረመራለች። ምርመራው ከጉንጭ ውስጥ በሚጠረግ ናሙና ወይም በደም ይደረጋል። በዚያው ወር በቶኪዮ በማራቶን የብር ሜዳልያ ያገኘችው ትዕግሥት አሰፋም፣ ሌሎቹም ሴቶች ሯጮቻችን የተወዳደሩት በዚህ ሥርዓት ነው። ጂኑን በ1990 ካገኙት ሊቃውንት አንዱ የሆኑት አንድሩ ሲንክሌር ግን ግኝታቸው ለዚህ ሥራ መዋሉን ተቃውመዋል፤ የጂኑ መኖር ጂኑ ይሠራል ወይም አካል ለሆርሞኑ ይታዘዛል ማለት አይደለምና። ማኅበሩም ይህን በከፊል ተቀብሎ፣ እንደ ፓቲኞ አካላቸው ቴስቶስትሮንን ፈጽሞ ለማይቀበል ሴቶች መንገድ ትቶአል። እንግዲህ በረኛው ከዓይን ወደ ክሮሞሶም፣ ከክሮሞሶም ወደ ሆርሞን፣ ከሆርሞን እንደ ገና ወደ ጂን ተመልሶአል።

አሁን ሁለቱን ተሟጋቾች እንደ ዳኛ ፊት ለፊት እናቁማቸው። አንደኛዋ ከገጠር የመጣች ሯጭ ናት፤ ሩጫ ለእርሷ ጨዋታ ሳይሆን እንጀራ ነው፤ የወላጆቿ ቤት፣ የታናናሾቿ ትምህርት በእግሯ ላይ ተንጠልጥሎአል። «ጉርምስና የሰጠው ብልጫ በመድኃኒት ካልጠፋ፣ የእኔ ድካም ምን ይሆናል?» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ሁለተኛይቱም እንዲሁ ከገጠር የመጣች ናት፤ ሴት ሆና ተወለደች፤ እናቷ እንደ ሴት ልጅ አሳደገቻት፤ ያጭበረበረችው ነገር የለም፤ በመጀመሪያ ጊዜ ስለ ራሷ አካል የሰማችው ከማታውቀው ሐኪም አፍ ነው። «እግዜር የሰጠኝን አካል በምን ጥፋቴ ትቀጡኛላችሁ?» ትላለች፤ እርሷም እውነቷን ነው። የሁለተኛይቱ ነገር ምናባዊ አይደለም። በ2013 በሐኪሞች መጽሔት እንደ ተጻፈው፣ ከድኾች አገሮች ገጠርና ተራራ የመጡ፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 21 የሆነ አራት ሴቶች ሯጮች በፈረንሳይ አገር የውስጥ ዕጢዎቻቸው በቀዶ ጥገና ወጡ፤ ዕጢዎቹ ቢቆዩ ለጤናቸው አደጋ እንዳልነበራቸው ሐኪሞቹ ራሳቸው ጽፈዋል። የዩጋንዳዋ አኔት ነጌሳም በ2012 ከተደረገላት ቀዶ ጥገና በኋላ ጤናዋ እንደ ታወከ በ2019 በአደባባይ ተናግራለች፤ የዓለም ማኅበሩ ቀዶ ጥገናውን አላዘዝኩም ብሎአል።

በእኛ አስተያየት የሴቶች ውድድር ወሰን መጠበቅ አለበት፤ ያለ እርሱ ደራርቱም ትዕግሥትም የሉምና። የወንድ ጉርምስና የሚሰጠው ብልጫም እስከ ዛሬ በተገኘው ማስረጃ ከባድ ስለ ሆነ፣ በታላላቅ ውድድሮች ላይ ጥንቃቄ መደረጉ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ወሰን የሚጠብቅ ሁሉ ከታሪክ የሚማረው አንድ ነገር አለ። በ1967ም፣ በ1985ም መለኪያውን የያዙት ሰዎች ሳይንስ ከእኛ ጋር ነው ብለው በእርግጠኝነት ይናገሩ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ዕዳውን የከፈለችው ግን አንዲት ሴት ናት። አባቶቻችን፣ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይሉ ነበር። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት በሐምሌ 2025 በሴመንያ ጉዳይ የፈረደውም ከዚህ ምሳሌ የራቀ አይደለም፤ ደንቡን አላፈረሰም፤ የስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት አቤቱታዋን በሚገባ አልመረመረላትም፤ ፍትሐዊ ዳኝነት የማግኘት መብቷም ተጥሶአል አለ እንጂ።

ስለዚህ በአገራችን በሹመት ላይ ያሉ፣ የሚያሠለጥኑና የሚያስተምሩ ሁሉ የደንቡን ቍጥር ከሎዛን ወይም ከሞናኮ ሊጠብቁ ይችላሉ፤ የአፈጻጸሙ ክብር ግን በእጃቸው ነው። ለምርመራ የምትቀርብ ልጅ ምን እንደሚመረመር በምትሰማው ቋንቋ አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል። ውጤቱ የእርሷ ምሥጢር እንጂ የፌዴሬሽን ወሬ መሆን የለበትም። ያልተጠበቀ ነገር ቢገኝባት ከሰነድ በፊት ሐኪምና መካሪ፣ ቀጥሎም ይግባኝ የሚልላት ጠበቃ ያስፈልጋታል። የማያስፈልጋትን ቢላዋ ለሩጫ ብላ እንዳትቀበል የሚከለክላት ሰው በአጠገቧ ሊኖር ይገባል። ይህ ሁሉ የዓለምን ማኅበር ፈቃድ አይጠይቅም።

ነገም ጎሕ ሳይቀድ በነፋስ ስልክ ላፍቶ መንገዶች ላይ ልጃገረዶች ይሮጣሉ። ከእነርሱ አንዲቱ ምናልባት የደራርቱን መንገድ ትከተላለች፤ አንዲቱም ምናልባት አንድ ቀን በሐኪም ክፍል ውስጥ ስለ ራሷ ያልጠበቀችውን ትሰማ ይሆናል። ማንኛይቱ ማን እንደ ሆነች አስቀድመን አናውቅም። ባለማወቃችን ምክንያት ሕጉን ስንሠራም ሆነ ስንፈጽም ሁለቱንም እንደ ልጆቻችን አድርገን ልናስብ ይገባናል።